ባለሙያ ነው… ባለሞያ ናት!

እስቲ የዛሬውን ጨዋታችንን በአንዲት ትንሽ ጥያቄ እንጀምር። «ሰውዬው ባለሙያ ነው» ሲባል ምን ይታያችኋል? መቼም ወይ ግንበኛ፣ ወይ ኤሌክትሪሺያን፣ ወይ ደግሞ ከረባቱን አስሮ በቴሌቪዥን ስለ ዋጋ ንረት የሚያብራራ ሰው ነው የሚታያችሁ። እሺ… «ሴትዮዋ ባለሞያ ናት» ሲባልስ? ዶሮ ወጥ! አዎ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አሳምራ የምታወጣ፣ ጠላዋ የሚጣፍጥ፣ እንጀራዋ ዓይኑ የሚያበራ። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ቢሮና ጋራዥ ይገባል፣ ሌላው ማድ ቤት ይቀራል። የወንዱ ሙያ ደመወዝ አለው፤ የሴቷ ሞያ ምርቃት አለው። (ምርቃቱም ወጡ ካላረረ ነው!)

«ሠራተኛ» የሚለውንም ውሰዱት። «ሠራተኛው ገና አልገባም» ከተባለ ነገሩ የቢሮ ወይም የፋብሪካ ነው። «ሠራተኛዋ ገና አልገባችም» ከተባለ ግን ዘይት ልትገዛ ሱቅ የተላከች ልጅ አለች ማለት ነው። ጠንካራ ሴት ስናይ ደግሞ ያመሰገንናት መስሎን «እሷ እኮ ወንድ ናት!» እንላለን። ዛፍ ላይ የምትወጣ ልጅ «ወንዳገረድ» ትባላለች። ሽንኩርት የሚከትፍ ወንድ ልጅ «ሴታ ሴት» ይባልና ቢላውን ጥሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን «እኔ ወጥ መሥራት አልችልም» እያለ የሚሠራለት ሰው ሲፈልግ ይኖራል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሰማ የአምስት ዓመት ሕፃን እያንዳንዳችን ቤት አለ። ልጅ፣ ታናሽ ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ… ብቻ አለ። ማንም ቁጭ አድርጎ «ይሄ የወንድ፣ ያ የሴት» ብሎ አላስተማረውም። እሱ ግን ያውቀዋል።

ወሬውን ያነሳሁት ሰሞኑን አዲስ ቅዳም ከርሜ ስለመጣሁ ነው። ለማታውቋት፣ አዲስ ቅዳም ከኢንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ራሱ እንደሚነግራችሁ ቅዳሜ የገበያዋ ቀን ነው። ድንቹ፣ ፈረሱ፣ ከዲከረንስ ዛፍ የከሰለው ከሰል በየጆንያው… ሁሉም ቅዳሜ ይወጣል። እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው። የአዊን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከጀመረ ከቤት አያስወጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጆችና የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ቤቱን ሊያፈርሱት ሲደርሱ ወረቀትና እርሳስ አደልኩና «መካኒክ፣ ሐኪም፣ አውሮፕላን አብራሪ ሳሉልኝ» አልኳቸው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ናቸው።

ጨዋታው የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ቀዶ ሐኪምና የጦር አውሮፕላን አብራሪ እንዲስሉ ተጠይቀው ነበር። ከ66ቱ ሥዕሎች 61ዱ ወንድ፣ አምስቱ ብቻ ሴት ሆነው ተገኙ። ከዚያ በሩ ተከፈተና እውነተኞቹ ባለሙያዎች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡ። ሦስቱም ሴቶች ናቸው! የልጆቹን ፊት ነበር ማየት። የተቀረጸው ፊልም ዓለምን ዞሯል።

እኔ በበር የማስገባቸው ሴት አብራሪዎች አልነበሩኝም። የተሳለልኝ ግን ያው ነው። መካኒኩ ወንድ፣ አብራሪውም ወንድ። ሐኪም ላይ ብቻ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ሻሽ ያሰረች ሴት ሳለች። «ለምን ሴት አደረግሻት?» ስላት እንደ ሞኝ አየችኝና «ጤና ጣቢያ የወጋችኝ ሴት ናታ!» አለች። በቃ፣ ያየችውን ነው የሳለችው። ይህችን ልጅ ያዟት፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

መካኒኩ ለምን ወንድ እንደሆነ ስጠይቅ የእህቴ ልጅ ቀደመ።

«ጋሼ፣ ሴት መካኒክ የለችማ!»

«ብትኖርስ?»

«አትችልም። ጎማ ማንሳት ከባድ ነው።»

ሴቶቹም «እውነቱን ነው» አሉ። ከወንዶቹ ይልቅ እኔን የደነቀኝ የእነሱ መስማማት ነበር። ደግሞ አንዱ ወንድ ትልቅ ሲሆን ምን መሆን እንደሚፈልግ ብጠይቀው «ፈረሰኛ!» አለኝ። ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አይቶ ቀልቡ ተሰርቋል፤ አልፈርድበትም። «ከፈረሰኛው ጎን ደግሞ ዶክተር» አለና ጨመረ።

እስቲ «ከባድ ነው» የምትለዋን እንያት፤ እኛ ትልልቆቹም ስንጨነቅ የምንደበቅባት ጥግ እሷ ናትና። ከእህቴ ግቢ ወጣ ስትሉ መንገዱ ላይ እንጨት በጀርባዋ የተሸከመች ሴት ታገኛላችሁ፤ ካልሆነም ሃያ ሊትር ጀሪካን ያዘለች ልጅ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አጠገባችሁ ያለ የግንባታ ቦታ ሂዱና ቁሙ። የተቦካውን ሲሚንቶ በባሬላ ወደ ፎቅ የምታወጣው ማን ናት? ድንጋይ የምታቀብለውስ? ግንበኛው ግድግዳው ላይ ቆሞ ክርና ውኃ ልክ ይይዛል። የከበደውን የምትሸከመው እሷ፣ ማታ ሂሳብ ሲሠራ ደለብ ያለውን የሚቀበለው እሱ! ጉልበት ነው ካላችሁ ጉልበቱ ያለው ከታች ነው።

ሌላ ላምጣ። አዲስ ቅዳም ገበያ መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ ተደርድረው ሲንጀር የሚረግጡትን ልብስ ሰፊዎች ቁጠሩ። ወንዶች ናቸው። ጨርቅና ክር ይዞ ቁጭ ብሎ መስፋት ምን ጉልበት ይጠይቃል? ያንኑ ቁጭ ብሎ መስፋት መሶብና ሰፌድ ሲሆን ደግሞ የሴት ነው። ሽመናም እንደዚሁ። በእኛ አገር ጥጡን ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ጓቴማላ ያሉ የማያ ሕዝቦች ዘንድ ብትሄዱ የወገብ ሽመና የሴቶች ሙያ ነው። እዚያ ያለ ልጅ ሸማኔ ሳል ቢባል ቀሚስ የለበሰች እናቱን ይስላል። ታዲያ የትኛው ነው «ተፈጥሮ»?

የጎረቤት ልጅ አለ፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሽሮ ይሠራል፤ ቀምሻለሁ፣ ከእኔ ይሻላል። እናቱ ግን ሰው ሲመጣ ከማድ ቤት ታስወጣዋለች። «ትልቅ ስትሆን ወጥ ቤት ብትሆንስ?» አልኩት በዚያ የሥዕል ቀን፣ ሌሎቹ ሲስቁበት። እሱ ኮስተር ብሎ ምን አለ መሰላችሁ? «ሆቴል ከሆነ ምንም አይደለም። የሚያሳፍረው ቤት ከሆነ ነው።»

እኔ ስንት ነገር አንብቤ ያልደረስኩበትን ልጁ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ቤት ውስጥ በነጻ ሲሠራ የሴት ነው፤ ትልቅ ሆቴል ገብቶ ነጭ ባርኔጣ ሲደፋና ደመወዝ ሲቆረጥለት «ሼፍ» ተብሎ የወንድ ይሆናል። ልጆቹ ጎማ ከበደ፣ መርፌ ቀለለ ይበሉ እንጂ፣ እውነት የሚያዩት ለማን ገንዘብ እንደሚከፈልና ማን እንደሚከበር ነው። ሲያድጉም በዚያው ይመራሉ።

ሥራው ጾታ ሲቀይርም አይተናል እኮ። «ጸሐፊ» ሲባል ዛሬ የሚታየን ማን ነው? ከአለቃው ክፍል በር ላይ ኮምፒዩተር ይዛ የተቀመጠች ሴት። በቤተ መንግሥት ዘመን ግን ጸሐፌ ትዕዛዝ ማለት ለንጉሡ ጆሮ የቀረበ ትልቅ ሹም ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ጸሐፌ ትዕዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ጸሐፌ ትዕዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ። ያኔ ብዕር መያዝ የወንድ ነበር፣ ማዕረጉም የዚያኑ ያህል። ማዕረጉ ወርዶ ደብዳቤ መተየብና ስልክ ማንሳት ሲቀር ወንበሩን «ለሴት ይስማማል» አልን። ሕክምናውም ጋ እንደዚሁ ነው። አባቶቻችን ስለ «ድሬሰር» ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት አንድ ኮስታራ ሰውዬ ነው። ነርስ ሲመጣ «ሲስተር» አልናት። አሁን ወንድ ነርስ ሲገጥመን ምን ብለን እንደምንጠራው ግራ ገብቶን «ብራዘር» የምንል አለን!

«ታዲያ ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይለቀዋል» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይለቅም፤ እንዲያውም ይብስበታል። ዴቪድ ቼምበርስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት 4,807 ልጆችን ሳይንቲስት አስሎ ነበር። ሴት የሳሉት 28 ብቻ! 28ቱም ደግሞ ሴቶች ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የተደረጉ እንዲህ ያሉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ተሰብስበው ሲታዩ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ከመቶ ሥዕል 28ቱ ያህል ሴት ሆነዋል። ለምን? እዚያ አገር ሴት ሳይንቲስቶች በዝተው ልጆቹ ስላዩ። ነገር ግን እዚያው ጥናት ላይ ሌላም አለ። ትንንሾቹ ልጃገረዶች ብዙ ጊዜ ሴት ይስላሉ፤ ወደ አሥራዎቹ ሲገቡ እነዚያው ራሳቸው ወንድ መሳል ያበዛሉ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ነው። የአምስት ዓመት ልጆች «በጣም በጣም ብልህ የሆነው ማን ይመስልሃል?» ሲባሉ ወንዱም ወንድ፣ ሴቷም ሴት ብላ የራሷን ትመርጣለች። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ሴቶቹ የራሳቸውን መምረጥ ይቀንሳሉ። «በጣም በጣም ብልህ ለሆኑ ልጆች» የተባለ ጨዋታ ሲቀርብላቸውም ወደ ኋላ ይላሉ። ሆኖም ክፍል ውስጥ ጥሩ ውጤት የሚያመጣው ማን ነው ሲባሉ ሴቶቹ «ሴት» ማለታቸውን አልተዉም! ይህ ነገር የእኛን ሰፈር አላስታወሳችሁም? ወንዱ 90 ሲያመጣ «ጭንቅላት አለው» ይባላል፤ ሴቷ 95 ስታመጣ «ታጠናለች፣ ልፋቷ ነው» ትባላለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዛሬ አፍ አውጥቶ የሚናገር ጥቂት ነው፤ ትርጉሙ ግን የትም አልሄደ።

ለእነዚያ ለአዲስ ቅዳም ልጆች አገራችን ሴት አብራሪዎች እንዳሏት አጫወትኳቸው። ሙሉእመቤት እምሩ የምትባል ሴት ገና ከጣሊያን ወረራ በፊት በረራ እንደተማረች፣ አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን እንደሆነች፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሴቶች ብቻ ያበረሩትና ያስተናገዱት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደርሶ እንደተመለሰ ነገርኳቸው። በአንክሮ ሰሙኝ። ወዲያው ደግሞ «እሺ እንደገና አብራሪ ሳሉ» አልኩ። አንዲቷ ብቻ ፀጉሩን አስረዘመችለት፤ ሌሎቹ ያው!

አልፈረድኩባቸውም። የሩቅ ጀግና ለልጅ እንደ ተረት ናት። ሣህለወርቅ ዘውዴ ከጥቅምት 2011 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት ያህል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን መርተዋል። ደስ ይላል፣ ኮርተናል። ነገር ግን ሻሽ ያሰረችውን ሐኪም የሳለችውን ልጅ አስታውሷት። እሷን ያሳመናት የቴሌቪዥን ወሬ አይደለም፤ ክንዷን ይዛ በመርፌ የወጋቻት፣ ስታለቅስም «አይዞሽ» ያለቻት ሴት ናት። አዲስ ቅዳም አስፋልት ላይ አንዲት ሴት ባጃጅ ብትነዳ፣ አንዲት ሴት ምሰሶ ላይ ወጥታ መብራት ብትቀጥል፣ ከእኔ ስብከት ይልቅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥዕሉን ትቀይረው ነበር።

በዓይን የሚታይ ነገር ልጅን እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ከዚያው ክልል ሳንወጣ ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ አውራ አምባ አለችላችሁ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረተው ማኅበረሰብ ነው። እዚያ ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ ነው፤ ሴት ታርሳለች፣ ትሸምናለች፣ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። ዙምራ ሲናገር እንደሚሰማው ነገሩ የጀመረው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ እናቱ ከአባቱ ጋር እርሻ ውላ ስትመጣ እሱ ያርፋል፣ እሷ ግን ገና ወደ ወፍጮውና ወደ ማድ ቤቱ ትገባለች። ይህ ለምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄው በዘመኑ እንደ እብድ ታይቷል፣ ተሰድዷልም። አውራ አምባ ገነት ናት ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ግን እዚያ ያደገ ልጅ ሸማኔ ሳል ቢባል መጀመሪያ «የትኛዋን?» ማለቱ አይቀርም።

ሕጉን በተመለከተ አጠር ላድርገው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነበር፤ ሚስቱ ከቤት ውጭ እንዳትሠራ መቃወምም ይችል ነበር። ያ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀረ፤ የአማራ ክልልም የራሱን በ1995 ዓ.ም. አወጣ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በኋላ እንዳጠኑት፣ ሕጉ ቀድሞ በተሻሻለባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሆነ፣ በሚከፈልበትና ዕውቀት በሚጠይቅ ሥራ መሰማራታቸው ከሌላው ቦታ የበለጠ ጨምሯል። ስለዚህ ነገሩ አይለወጥም አትበሉ፤ ሲነኩት ይለወጣል።

እናንተ የከተማ ልጆች፣ አብዛኞቻችሁ ገና አልወለዳችሁም፤ ታናናሾች ግን አሏችሁ፣ እነሱም የእናንተን አፍ ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ እኔ ራሴ የጀመርኩትን ልንገራችሁ። አማርኛችን ያለ «እሱ» ወይም «እሷ» አይንቀሳቀስም፤ ልጅ ከሐኪም ቤት ስትመለስ «ዶክተሩ ምን አለሽ?» ከማለት «ዶክተሯ ናት ዶክተሩ ያየሽ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። እህታችሁ 95 ስታመጣ «ጭንቅላት አላት» በሏት፤ ወንድማችሁ 90 ሲያመጣ «ጥሩ አጥንተሃል» በሉት፤ ከዚያ የሁለቱንም ፊት እዩ። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ወንዱን፣ እንግዳ ሲመጣ ሴቷን መጥራት የለመደ ምላሳችሁን ለአንድ ወር ያህል አገላብጡት። (እናቶች ይቆጣሉ፤ ቻሉት።) ሰፈራችሁ ውስጥ ሴት ታክሲ ነጂ ወይም ሴት ኤሌክትሪሺያን ካለች፣ ወንድ ወጥ ሠሪም ካለ፣ ልጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩት፤ ዝም ብሎ ሲሠሩ ይይ፣ ንግግር አያስፈልግም። ወጥ የሚወድ ወንድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ከማድ ቤት አታስወጡት።

ከሁሉ በላይ ግን ሂሳቡን ተመልከቱ። ይህን የምለው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው።

አዲስ ቅዳም አስፋልቱ ዳር አንድ ጎሚስታ አለ፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክልም ይጠግናል። ሴት ልጁ የአሥራ ስድስት ዓመት ናት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ቤት ከምትቀመጥ ብላ አባቷ ጋ መዋል ጀመረች። መጀመሪያ ምሳ ይዛለት ነበር የምትሄደው። ቀጥላ ቁልፍ ማቀበል ጀመረች፤ «የ14 ቁልፍ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ» ሲላት ሳታይ ታነሳለታለች። አሁን የባጃጅ ካርቡሬተር ፈትታ፣ አጥባ፣ መልሳ ትገጥማለች። እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ፤ ደንበኛው ግን ሞተሩ ሲነሳለት ምስጋናውን ያቀረበው ለአባቷ ነው፣ ሰውዬው በዚያ ሰዓት ሻይ እየጠጣ የነበረ ቢሆንም!

ልጅቷ ትምህርቷን ስትጨርስ ቴክኒክና ሙያ ገብታ አውቶ መካኒክ መማር ትፈልጋለች። እናቷ አትስማማም። «እጇ በግራሶ ጠቁሮ ማን ያገባታል? ነርስነት ትማር» ትላለች። እናትየዋን አልወቅሳትም፤ እሷም የምታውቀውን ኑሮ አስባ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚባለውን ቃል፣ የሚነካካ እጅ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሆን የሚመጣውን ሁሉ ታውቃለች። ይህ ተረት አይደለም፣ ልጅን ለመካኒክነት ስናበረታታ ይህንንም አብረን ማሰብ አለብን። አባትየው ደግሞ መሐል ላይ ነው። «ልጄ ከወንድ ትበልጣለች» ይላል በኩራት፤ ወዲያው ደግሞ «ግን ይሄ እኮ የሴት ሥራ አይደለም፣ ለጊዜው ነው እንጂ» ይላል።

ከእሷ ሌላ አንድ ረዳት ልጅ አለው፣ ወንድ፣ በዕድሜ እኩያዋ። ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ካርቡሬተር አይነካም፣ ጎማ ይፈታል፣ ንፋስ ይሞላል። ለእሱ በየቅዳሜው ይከፈለዋል። ሰውዬውን በጨዋታ መሐል «ለእሷስ ስንት ትከፍላታለህ?» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ለገዛ ልጅ ይከፈላል እንዴ?»

«ወንድ ልጅህ ቢሆን ኖሮስ?»

ሳቁን ቀስ ብሎ አቆመና የያዘውን ከመነዳሪ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ወንድ ቢሆን…» አለ፤ «ወንድ ቢሆን እንግዲህ ሙያውን ለእሱ ነበር የማወርሰው። ትንሽ ትንሽም እሰጠው ነበር፣ እንዲለምደው።» ልጅቷ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣ ሻማ እያጸዳች ትሰማናለች። ቀና አላለችም። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ ቤቱ ነው፣ ልጁ ናት።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እህቴ ጋ ስደውል እግረ መንገዴን ስለ እነሱ ጠየቅኳት። ልጅቷ አሁንም ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ናት። የእናትና የአባት ክርክር አልተቋጨም። የክፍያው ነገር እንዳለ ነው፤ ረዳቱ ልጅ ግን ጭማሪ ጠይቆ ተጨምሮለታል አሉ።